ከቫልቩ በፊት ሽቦው፦ የቤንዚን ትነትና ቢጫዋ መብራት በገዳሪፍ ምድር

በሚያዝያ ቀትር በሱዳኗ ገዳሪፍ የጋራዥ ሰፈር ፀሐይ ላይ የዋለ መኪና ኮፋኖው በባዶ እጅ አይነካም። የአየሩ ሙቀት 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማለፉ በዚያ ወቅት ማንንም አያስገርምም። የነዳጅ ባለሙያዎች ቤንዚን ምን ያህል ተናኝ እንደሆነ በላቦራቶሪ ሲለኩ ናሙናውን የሚያሞቁት 37.8 ዲግሪ ድረስ ነው፤ ይህ ልክ በገዳሪፍ ጥላ ሥር ያለ ተራ ነገር ነው። ከጋለው መንገድ በላይ፣ ከጭስ ማውጫው አጠገብ የተንጠለጠለው ሰልባቲዮ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። በውስጡ ያለው ቤንዚን ሳያቋርጥ ይተናል፤ ትነቱም መሄጃ ይፈልጋል። ይህን ትነት ይዞ ወደ ሞተሩ የሚመልሰው ሥርዓት በኤሌክትሪክ በኩል ሲታወክ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫዋ የሞተር መብራት ትበራለች። ከዚያ በኋላ የሚሆነው በገዳሪፍም በጎንደርም በአዲስ አበባም ያው ነው። መካኒኩ ስካነሩን ይሰካል፤ ስካነሩ «ፒ0443» የሚል ኮድ ያወጣል፤ ትርጉሙ ሲነበብ «የፐርጅ ቫልቭ መቆጣጠሪያ መስመር» ይላል፤ ባለመኪናው ትነቱን ወደ ሞተሩ የሚያሳልፈውን ይህን ቫልቭ ፈልጎ እንዲያመጣ ይታዘዛል። አዲሱ ቫልቭ ይገጠማል፣ ኮዱ ይሰረዛል፣ ባለመኪናው ከፍሎ ይሄዳል። ብዙ ሳይቆይ መብራቷ ተመልሳ ትበራለች። ይህ ጽሑፍ የሚሞግተው ይህን ልማድ ነው። ስካነሩ የተናገረው ስለ መስመሩ እንጂ ስለ ቫልቩ አይደለም፤ መስመሩ ደግሞ ጭነት ተሸክሞ፣ በሚሞቅበት ሰዓት ካልተለካ ጥፋቱ የት እንደተቀመጠ ማወቅ አይቻልም።

ነገሩን በገዳሪፍ፣ በተለይም በኡም ራኩባ በኩል ማየት የሚያስፈልገው በምክንያት ነው። ኡም ራኩባ ከኢትዮጵያ ድንበር 70 ኪሎ ሜትር ያህል ገባ ብሎ በገዳሪፍ ግዛት የሚገኝ የስደተኞች ሰፈር ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ረሀብ ያባረራቸውን ኢትዮጵያውያን አስጠልሏል፤ ወደ እስራኤል ለመሻገር የወጡ ቤተ እስራኤላውያንም እዚያ ሰንብተዋል፣ ብዙዎቹም እዚያው ቀርተዋል። ተዘግቶ የነበረው ይህ ሰፈር የትግራይ ጦርነት በተነሣበት በኅዳር 2013 ዓ.ም. ዳግም ተከፍቶ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 20 ሺህ የሚጠጋ ሰው ያዘ። ከዚያ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ፈነዳ። ካርቱም ስትነድ፣ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ዋድ መደኒ፣ በዚያው ዓመት ሰኔ መጨረሻ ደግሞ ሲንጃ ከሠራዊቱ ጋር በሚዋጋው ፈጥኖ ደራሽ ኃይል እጅ ሲወድቁ፣ መኪና ያለው ቤተሰቡን ጭኖ ወደ ገዳሪፍ ጎረፈ። ስለዚህ አገሩን ከአስፋልት ውጪ የማያውቁ የከተማ የቤንዚን መኪኖች ሞሉት፤ የኮሪያና የጃፓን ትንንሽ መኪኖች፣ በሱዳን ጂያድ ፋብሪካ የተገጣጠሙ ሃዩንዳዮች፣ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የገቡ ፒካፖች። የካርቱም የመለዋወጫ ገበያ በጦርነቱ ስለተበተነ ዕቃ የሚመጣው ከፖርት ሱዳን በከሰላ በኩል ዞሮ ሆነ። የስደተኛው ችግር ደግሞ ሌላ ነው፤ የሱዳን ሕግ ስደተኛን በሰፈር የሚወስን በመሆኑ ከኡም ራኩባ ወደ ከተማ ለመውጣት ራሱ የይለፍ ወረቀት ይጠየቃል። እንዲህ ባለ ቦታ አንድ ያለ ምክንያት የተቀየረ ቫልቭ የሚያስከፍለው ከዋጋው በላይ ነው።

በሰፈሩ የሚታወቁት የእርዳታ ድርጅቶች ላንድ ክሩዘሮች በዚህ ወሬ ውስጥ የሉበትም። በአብዛኛው ናፍጣ ናቸው፤ ናፍጣ በተራ ሙቀት እምብዛም ስለማይተን የትነት መያዣ አያስፈልገውም። ቤንዚን ግን በውርጭም ይተናል፤ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ትነት ይሰጣል። ትነቱ ከአየር ይከብዳልና ወደ ላይ ከመበተን ይልቅ መሬት ለመሬት ይሄዳል። ኤታኖል ሲቀላቀልበት ደግሞ ነገሩ ከፍ ይላል፤ አዲስ አበባ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ መጀመሪያ 5 በመቶ፣ ኋላም 10 በመቶ ኤታኖል ከቤንዚን ጋር ይቀላቀል ነበር፤ 10 በመቶው የትነቱን ግፊት በ7 ኪሎ ፓስካል ገደማ እንደሚጨምር የታወቀ ነው። የሱዳን ቤንዚን ከእኛም ጋር ረዥም ትውውቅ አለው፤ ኢትዮጵያ ለዓመታት ከካርቱም ሰሜን ካለው የጃይሊ ማጣሪያ የወጣ ቤንዚን በገላባትና በመተማ በኩል ታስገባ ነበር።

ትነትን መያዝ የተጀመረው በሎስ አንጀለስ ሰማይ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ የኬሚስትሪ ሊቁ አሪ ሃገን ስሚት የከተማይቱን ዓይን የሚያቃጥል ጭጋግ የሚሠራው ከመኪናና ከነዳጅ የሚወጣው ሃይድሮካርቦን ከናይትሮጅን ኦክሳይድ ጋር በፀሐይ ብርሃን ሲዋሐድ መሆኑን አሳየ። ካሊፎርኒያ በ1970፣ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት በ1971 ሞዴል መኪኖች ላይ የትነት መያዣን ግዴታ አደረጉ። መፍትሔው ቀላልና ብልህ ነው። ትነቱ ከሰልባቲዮው በቱቦ ወጥቶ ልዩ ከሰል የሞላበት ጣሳ ውስጥ ይገባል፤ ከሰሉ ትነቱን በገጹ ላይ ይይዘዋል። ሞተሩ ሲሠራና ሲሞቅ በሞተሩና በጣሳው መካከል ያለው ፐርጅ ቫልቭ እየተከፈተ ሞተሩ በራሱ ስበት ትነቱን ስቦ ያነደዋል። ሊባክን የነበረው ቤንዚን ጉልበት ሆኖ ይመለሳል ማለት ነው። በጣሳው በሌላኛው ወገን ንጹሕ አየር የሚያስገባ መተንፈሻ አለ፤ በአንዳንዶቹ መኪኖች ይህም በቬንት ቫልቭ ይዘጋል፣ ይከፈታል። በሰልባቲዮው አናት ላይ ደግሞ የግፊት ሴንሰር የተቀመጠባቸው አሉ።

ከእነዚህ መካከል በሁሉም ዘመናዊ የቤንዚን መኪና ላይ የሚገኘው ፐርጅ ቫልቭ ነው፤ በኤሌክትሪክ ዓይን ሲታይ ሁለት ሽቦ ያለው የመዳብ ጥቅልል ብቻ ነው። አንዱ ሽቦ ቁልፍ ሲዞር በፊውዝና በሪሌ በኩል 12 ቮልት ያመጣል። ሌላው ወደ ሞተሩ ኮምፒውተር ይሄዳል፤ በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለ ትራንዚስተር ይህን ሽቦ ከኔጋቲቭ ጋር በሰከንድ ብዙ ጊዜ እያገናኘና እያላቀቀ ቫልቩን ያስተነፍሰዋል። ኮምፒውተሩ ብልሽትን የሚያውቅበት መንገድ እጅግ ጠባብ ነው። ትራንዚስተሩን ሲያላቅቅ በራሱ እግር ላይ የባትሪውን ቮልት ማየት አለበት፤ ምክንያቱም ቮልቱ በጥቅልሉ በኩል አልፎ ይደርሰዋልና። ሲያገናኝ ደግሞ ወደ ዜሮ የቀረበ ማየት አለበት። አላቅቆ ሳለ ዜሮ ካየ፣ ወይም አገናኝቶ ሳለ ቮልቱ ካልወረደለት ኮድ ይጽፋል። አሁን አንባቢ ያስብ፤ አላቅቆ ሳለ ቮልቱ የሚጠፋበት ስንት ምክንያት አለ? ፊውዙ ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል። ሪሌው አልነካ ብሎ ይሆናል። ከሪሌ እስከ ሶኬት ያለው ሽቦ ተቆርጦ፣ ሶኬቱ ዝጎ፣ የቫልቩ ጥቅልል ውስጡ ተበጥሶ፣ ከቫልቩ ወደ ኮምፒውተሩ የሚመለሰው ሽቦ ተቆርጦ ወይም ሻሲ ነክቶ ሊሆን ይችላል። ኮምፒውተሩ ከተቀመጠበት ሆኖ አብዛኞቹን ሊለያቸው አይችልም፤ ብዙ ጊዜም በአንድ ስም ይጠራቸዋል። ያ ስም ደግሞ በአጋጣሚ «ፐርጅ ቫልቭ» የሚል ቃል አለበት። የገበያው ስሕተት ሁሉ ከዚህች ቃል ይጀምራል።

በገዳሪፍ አካባቢ የምትበራው መብራት ስለ ኤሌክትሪክ የምትናገርበት ዕድል ከሌላው ቦታ የሚበልጥበት ሌላ ምክንያትም አለ። አሜሪካ ከ1996 ጀምሮ በመኪኖቿ ላይ ያስገደደችው የኦቢዲ ሕግ ሥርዓቱ እንዳያፈስ ራሱን እንዲመረምር ያዛል፤ መጀመሪያ 1 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላትን ቀዳዳ፣ ከ2000 ጀምሮ ደግሞ ግማሽ ሚሊ ሜትር የምታህለውን ለይቶ እንዲያውቅ። የአውሮፓ ሕግ ግን ከ2001 ጀምሮ በቤንዚን መኪኖች ላይ ሲተገበር የጠየቀው የፐርጅ ቫልቩ የኤሌክትሪክ መስመር አለመቆረጡን ብቻ ነው። ለአሜሪካ ያልተሠራ መኪና፣ ማለትም በገዳሪፍም በአዲስ አበባም ከሚሽከረከረው ብዙው፣ ስለ ትነት ሥርዓቱ የሚያጉረመርመው በአብዛኛው ሽቦው ሲነካ ነው። ለአሜሪካ የተሠራው እንኳ የመፍሰስ ምርመራውን በፈለገው ሰዓት አያደርግም። በብዙ ቶዮታዎች ምርመራው ሞተሩ ከጠፋ ከ5 ሰዓት በኋላ ይነሣል፤ የሞተሩ ውኃና የሚገባው አየር ሙቀት ከ4.4 እስከ 35 ዲግሪ ካልሆነ በ7 ሰዓት፣ ከዚያም በ9 ሰዓት ተኩል ይሞክራል፤ ቦታው ከ2,400 ሜትር በላይ ከሆነም ይተወዋል። ሌሎች አምራቾች ደግሞ ሰልባቲዮው ከ15 በመቶ በታች ወይም ከ85 በመቶ በላይ ሲሆን ምርመራውን አይጀምሩም። ቤንዚን በሊትር እየተቆጠረ በሚቀዳበት አገር ስንት መኪና ነው ከ15 በመቶ በላይ ይዞ የሚያድረው? የገዳሪፍ ሌሊት ቀዝቀዝ ይላልና ምርመራው አንዳንዴ ይሳካል የሚል ይኖራል፤ ልክ ነው፣ ይሳካል። የኤሌክትሪክ ምርመራው ግን ሙቀት አይመርጥም፣ ከፍታ አይመርጥም፣ የነዳጅ መጠን አይጠይቅም፤ ቁልፍ ከዞረና ሞተሩ ከተነሣ ይበቃዋል። አንዱ በምቹ ሰዓት ብቻ ሲናገር ሌላው ሁልጊዜ የሚናገር ከሆነ፣ በዚህ አገር ደጋግሞ የሚሰማው የቱ እንደሆነ ግልጽ ነው።

እንግዲህ መለኪያ ይዞ መነሣት ይቀራል፤ ብዙዎች የሚሰናከሉትም እዚህ ነው። መካኒኩ ሶኬቱን ነቅሎ መልቲሜትሩን በ12 ቮልቱ እግር ላይ ያስቀምጣል፤ 12.6 ቮልት ያነባል፤ «ሽቦው ሰላም ነው፣ ቫልቩ ነው» ብሎ ይፈርዳል። ይህ ፍርድ ለምን እንደሚሳሳት በቁጥር እንየው። የዲጂታል መልቲሜትር ውስጣዊ ተቃውሞ 10 ሚሊዮን ኦም ያህል ነው፤ ስለዚህ ከሽቦው የሚጎትተው ኮረንቲ ከምንም አይቆጠርም። ሶኬቱ ውስጥ ባለ ዝገት ምክንያት መስመሩ ላይ 20 ኦም ተቃውሞ ተፈጥሮ ቢሆን መልቲሜትሩ አሁንም 12.6 ቮልት ያሳያል፤ ምንም ስላልጎተተ የጠፋበት ነገር የለም። ጥቅልሉ 26 ኦም የሆነ ቫልቭ ሲሰካበት ግን ታሪኩ ይለወጣል። ጤነኛ መስመር ላይ ቫልቩ ግማሽ አምፔር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ኮረንቲ ያገኝ ነበር፤ አሁን የሚያገኘው 0.27 አምፔር ነው፣ በላዩ ላይ የሚቀረውም 7 ቮልት ብቻ ነው። የኤሌክትሮማግኔት ጉልበት ከኮረንቲው ካሬ ጋር ስለሚሄድ የመሳቡ ኃይል ወደ ሲሶ ይወርዳል። ይህ ቫልቭ አንዳንዴ ይከፈታል፣ አንዳንዴ ይንተፋተፋል። ከዚህም በላይ የሚገርመው ኮምፒውተሩም እንደ መልቲሜትሩ መታለሉ ነው፤ ትራንዚስተሩ በተላቀቀበት ጊዜ መስመሩ ላይ ኮረንቲ ስለማያልፍ ሙሉ የባትሪ ቮልት ያያል፣ ሲያገናኝም ዜሮ ያያል። የኤሌክትሪክ ኮድ አይጽፍም። በአሜሪካ መኪና ላይ «ፒ0441»፣ የትነት ፍሰቱ ልክ አይደለም፣ ብሎ ሊያማርር ይችላል፤ ለሌላ ገበያ በተሠራው ላይ ዝም ይላል።

ሙቀት በዚህ ላይ ይጨመር። የመዳብ ተቃውሞ በእያንዳንዱ ዲግሪ 0.39 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በ20 ዲግሪ 26 ኦም የሆነው ጥቅልል የሞተሩ ክፍል 80 ዲግሪ ሲደርስ 32 ኦም ይሆናል። ጤነኛ መስመር ይህን ችሎ ይሠራል፤ ለዚህ ታስቦ የተሠራ ነውና። የተጎዳ መስመር ግን ጠዋት በብርድ ያለፈውን ፈተና ከሰዓት በኋላ ይወድቃል። በጥቅልሉ ውስጥ የተሰነጠቀ የመዳብ ክር ካለም ሲሞቅ ተለጥጦ ይላቀቃል፣ ሲበርድ ይገናኛል። ቀን ታይቶ ሌሊት የሚጠፋ፣ ጋራዥ ሲደርስ የማይገኝ ብልሽት የሚባለው አብዛኛው እንዲህ ያለ ነው። ጠዋት በጥላ ሥር የተለካ ቫልቭ ተለክቷል ማለት አይቻልም። ይህን እንደ ጥቃቅን ጉዳይ የሚያዩ አሉ፤ እኔ ግን በሞቃት አገር ለሚሠራ ኤሌክትሪሺያን ከሁሉ የሚቀድም ዕውቀት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

መስመሩን ጭነት አሸክሞ መለካት ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ከ5 ዋት ያልበለጠች የመኪና አምፖል ሁለት ሽቦ ተበይዶላት ትበቃለች፤ የምትጎትተው ኮረንቲ ከቫልቩ ጋር ይቀራረባል። ሶኬቱ ተነቅሎ፣ ቁልፍ ተከፍቶ፣ አምፖሏ በ12 ቮልቱ እግርና በጥሩ ኔጋቲቭ መካከል ስትገባ በደማቁ መብራት አለባት፤ እየበራች ሳለ መልቲሜትሩ በእግሩ ላይ ከባትሪው ጥቂት አሥርዮሽ ብቻ የቀነሰ ማንበብ አለበት። ከደበዘዘች ወይም ካልበራች ጥፋቱ ከሶኬቱ ወዲያ፣ ወደ ፊውዙ በኩል ነው፤ ቫልቩ ነፃ ወጣ። እዚህ ላይ ስካነሩ የሰጠውን ሌላ ኮድ መመልከት ይጠቅማል፤ ያው ፊውዝ የኦክስጅን ሴንሰር ማሞቂያዎችንና ሌሎች ቫልቮችን የሚመግብ ከሆነ ኮዶቹ በጅምላ ይመጣሉ፤ በጅምላ የመጡ ኮዶች ወደ ጋራ ምንጫቸው ይጠቁማሉ። የኮምፒውተሩን ወገን ለመፈተን ግን አምፖሏን ትቶ ኤልኢዲ ያለበት መፈተሻ መጠቀም ይሻላል፤ ቀዝቃዛ አምፖል በመጀመሪያዋ ቅጽበት ብዙ ኮረንቲ ስለምትስብ ትራንዚስተሩን ትከብደዋለች። መፈተሻው በሁለቱ እግሮች መካከል ገብቶ ሞተሩ ሞቆ ሲሠራ፣ ወይም በስካነሩ ትዕዛዝ ሲሰጥ፣ ብልጭ ድርግም ካለ ኮምፒውተሩም የመመለሻ ሽቦውም ሥራቸውን እየሠሩ ነው። አንዳንድ ኮምፒውተር ለራሱ ምርመራ የምትሆን ትንሽ ኮረንቲ ስለሚያሳልፍ ኤልኢዲዋ ሁልጊዜ ፈዘዝ ብላ ልትታይ ትችላለች፤ ያ ብልሽት አይደለም፣ የሚፈለገው ብልጭታው ነው። ሁለቱም ወገን ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ ብቻ ቫልቩ ራሱ በኦም ይለካል፤ የብዙዎቹ ጥቅልል በብርድ ከ20 እስከ 35 ኦም መካከል ነው፤ ሞቆም ይለካል። ያኔ ቫልቩ ሞቷል ከተባለ እውነት ሞቷል።

ቫልቭ ወደ ባትሪ በቀጥታ እየተነካ «ቀጭ» ማለቱ የሚሰማበት የተለመደ ሙከራ ግን በሰልባቲዮው አጠገብ ፈጽሞ መደረግ የለበትም። ቤንዚን በአየር ውስጥ ከ1.4 በመቶ ጀምሮ ይቀጣጠላል፤ ያች ብልጭታ ትበቃዋለች።

ከኋላ ያለው የግፊት ሴንሰር ሦስት ሽቦ አለው፤ ከኮምፒውተሩ የሚመጣ 5 ቮልት፣ ኔጋቲቭ፣ እና የመልስ ምልክት። የእሱ ሽቦ ከፊት ተነሥቶ በወለሉ ሥር እስከ ሰልባቲዮው አናት ድረስ ይሄዳል፤ ድንጋይ የሚመታው፣ ጭቃ የሚለስነው፣ ብረት የሚፍቀው መንገድ ይህ ነው። በአንዳንድ መኪኖች ያው 5 ቮልት ሌሎች የሞተር ሴንሰሮችንም ይመግባል፤ ስለዚህ ከኋላ ያለች አንዲት የተላጠች ሽቦ ሻሲ ስትነካ ሞተሩን ጭራሽ ታጠፋዋለች። የትነት ነገር ለእኛ ምን ያደርግልናል የሚል ሰው ይህን ልብ ሊለው ይገባል። የመልስ ምልክቱን ለመፍረድም ቦታን ማወቅ ያሻል። ከጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ተነሥቶ በመተማ ወርዶ ገዳሪፍ 600 ሜትር ላይ የደረሰ መኪና የአየሩ ግፊት ከ78 ወደ 94 ኪሎ ፓስካል ከፍ ብሎበታል። ሴንሰሩ ግፊቱን ከውጪው አየር ጋር የሚያወዳድር ዓይነት ከሆነ ክዳኑ ተከፍቶ ሁለቱም ቦታ አንድ ቮልት ያነባል፤ ፍጹም ግፊት የሚለካ ከሆነ ግን ቮልቱ በየቦታው ይለያያል፣ መለያየቱም ጤንነቱ ነው። ጎንደር ላይ የተያዘን ቁጥር ገዳሪፍ ላይ እንደ ሕግ መጥቀስ ጤነኛ ሴንሰር ያስጥላል።

ቦታው በራሱ ሽቦ የሚጎዳባቸው መንገዶች አሉት። የገዳሪፍ ሜዳ ጥቁር መረሬ ነው፤ በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ሲዘንብ ጎማ የማይለቅ ጭቃ ይሆናል። ያ ጭቃ ሶኬት ውስጥ ገብቶ ሲደርቅ እርጥበት አዝሎ ይቀመጣል፣ መዳቡን አረንጓዴ ያደርገዋል። አገሩ ደግሞ የማሽላና የሰሊጥ አገር ነው፤ እህል ባለበት አይጥ አለ፣ አይጥ ባለበት የቆመ መኪና ሽቦ ይበላል። የጣሳው መተንፈሻም አቧራ ይሞላዋል፤ ይህ ኤሌክትሪክ አይደለም፣ ሆኖም በብዙ መኪኖች «ፒ0446» የሚል፣ ስሙ የመቆጣጠሪያ መስመር የሚጠራ ኮድ ያስጽፋል። ስም አይቶ መፍረድ በሁለቱም ወገን ያሳስታል ማለት ነው።

ቫልቩ ርካሽ ነው፣ ቀይሮ ማየት ከመለካት ይፈጥናል የሚለው መከራከሪያ ከሁሉ የበረታው ነው። ቀይሮ ማየት ያሳየን ነገር ካለ እስማማ ነበር። ችግሩ ግን የዛገ ሶኬት ሲነቀልና ሲሰካ ዝገቱ ይፋቃል፤ ለጥቂት ቀን ወይም ሳምንት ግንኙነቱ ይታደሳል። መካኒኩ አዲሱ ቫልቭ ሠራ ይላል፤ የሠራው ግን የእጁ መንቀልና መሰካት ነው። አሮጌው ቫልቭ መልሶ ቢሰካ እሱም በሠራ ነበር። ያ ጤነኛ ቫልቭ ግን ተጥሏል፣ መብራቷም ስትመለስ ተራው የኮምፒውተሩ ይሆናል፤ ከቫልቩ ብዙ እጥፍ የሚያስወጣው ዕቃ ያለ ጥፋቱ ይጠረጠራል። በተቃራኒው ደግሞ ጥቅልሉ ተቃጥሎ 3 ኦም የቀረው ቫልቭ ቢኖር፣ ለግማሽ አምፔር ሥራ የታሰበው ትራንዚስተር ከ4 አምፔር በላይ ይጠየቃል፤ ራሱን ካልዘጋ ይቃጠላል። አሮጌውን ቫልቭ ሳይለካ የጣለ መካኒክ ትራንዚስተሩን ምን እንደገደለው አያውቅም። ሳይለኩ ዕቃ መቀያየር በተበሳ እንስራ ውኃ ማመላለስ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ኮምፒውተሩን ማታለል ነው፤ ቱቦው ይደፈናል፣ በሶኬቱ ውስጥ ሬዚስተር ይገባና ኮምፒውተሩ ቫልቭ ያለ ይመስለዋል። 30 ኦም ሬዚስተር 12.6 ቮልት ሲያርፍበት ከ5 ዋት በላይ ሙቀት ያወጣል። ኮምፒውተሩ በግማሽ ጊዜ ብቻ ቢያገናኘው እንኳ ከ2.5 ዋት ያልፋል። ከአሮጌ ሬዲዮ ተነቅሎ የሚገጠመው ሬዚስተር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሩብ ዋት ነው። አሥር እጥፍ የተጫነበት ነገር በቤንዚን ትነት ጎረቤት ይግላል። የተደፈነው ትነትም አይጠፋም፤ ሰልባቲዮውን ይነፋል፣ ክዳኑ ሲከፈት በኃይል ይወጣል፣ ወይም ባገኘው ስንጥቅ እየሾለከ መሬት ለመሬት ይሄዳል። ከሰል ምድጃ ከደጃፉ በማይጠፋበት፣ ጎጆው ሣርና ሸራ በሆነበት እንደ ኡም ራኩባ ባለ ሰፈር ይህ የሚደረግ ነገር አይደለም።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከሁሉ ይልቅ ልብ ይነካል፤ ሰው በራበትና በተፈናቀለበት ምድር ስለ ትነት ማውራት ቅንጦት አይደለም ወይ? አይደለም፣ ምክንያቱም ቢጫዋ መብራት አንዲት ናት። ለትነት የበራችው መብራት ሳትጠፋ ከከረመች፣ ሞተሩ እሳት ሲስት ወይም ሴንሰር ሲሞት የሚነገርበት ሌላ መብራት የለም። በሽተኛ ጭኖ ወደ ገዳሪፍ ሆስፒታል የሚሮጥ መኪና ባለቤት መብራቷን መናቅ ከለመደ መኪናው የሚያስጠነቅቅበትን አንደበት ዘግቶበታል። ቫልቩ ተከፍቶ ከቀረ ደግሞ ሞተሩ በሙቀት ጠፍቶ ሲነሣ በትነት ታፍኖ ያስቸግራል፤ ይህም የሚብሰው በቀትር ነው። ቤንዚን በወረፋ በሚገኝበት አገር የሚተነው ሁሉ የተገዛ ነው።

ኢትዮጵያ በጥር 2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ብትከለክልም አሮጌ መኪኖች ነገ አይጠፉም፤ እንዲያውም የሚተካቸው ስለሌለ ይበልጥ ያረጃሉ፣ ሽቦአቸውም አብሮ ያረጃል። ወደ ኤሌክትሪክ መኪና የሚሻገረው ሠልጣኝም ቢሆን ጭነት ያለበትን ቮልት መለካት ሳያውቅ አይሻገርም። ስለዚህ በስደተኛ ሰፈርም ሆነ በአገር ቤት መካኒክ የሚያሠለጥኑ ተቋማት ስካነር ከማሳየታቸው በፊት መልቲሜትር፣ ባለ 5 ዋት አምፖልና ኤልኢዲ መፈተሻ በእያንዳንዱ ሠልጣኝ እጅ ያኑሩ፤ ፈተናውንም በቀትር ይስጡ። ባለመኪና የሆኑ አንባቢም «ቫልቭ አምጣ» ሲባሉ ከመክፈልዎ በፊት ሦስት ነገር እንዲያሳይዎ መካኒኩን በአክብሮት ይጠይቁት፦ አምፖሏ በርታ ሳለ በሶኬቱ ላይ ያለውን ቮልት፣ ሞተሩ ሲሠራ የኤልኢዲዋን ብልጭታ፣ እና የቫልቩን ኦም በብርድም በሙቀትም።